ድንጋይ ይዤ ባሕር ዳር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10፦ ከቦሌ ባሕር ዳር

ከበረራው ይልቅ ፍተሻው አደከመኝ። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ድሮ በመኪና ስንሄድ ዓባይ በረሃን ወርደን፣ ወጥተን፣ ደጀን ላይ ሻይ እንጠጣ ነበር። አሁን የመንገዱ ነገር እንደሚታወቀው ነው። ቲኬቱ ኪስ ይጎዳል፣ ግን ምን ይደረጋል።

ፈታሿ የእጅ ቦርሳዬን ሁለቴ በማሽኑ አሳለፈችው። "ውስጡ ምንድነው?" አለችኝ።

"ድንጋይ።"

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ሳቀ። ፈታሿ አልሳቀችም። ጥቅልሎቹን አንድ በአንድ አስፈታችኝ። የገዛሁበትን ደረሰኝ አሳየኋት። አንዱን ኦፓል (ቀለሙ እንደ ብርሃኑ የሚለዋወጥ የጌጥ ድንጋይ ነው) ወደ መብራቱ ስታዞረው አረንጓዴው ወደ ቀይ ተገለበጠ። ጓደኛዋን ጠራች። ጓደኛዋ ደግሞ "ስንት ነው?" አለች። አውሮፕላኑ ሊያመልጠኝ ሲል ለቀቁኝ።

ለማታውቁኝ፣ ባንክ ውስጥ የብድር ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ በረንዳዬ ላይ ኦፓል እሞርዳለሁ። ነገሩ የጀመረኝ ከአንድ የደላንታ (ኦፓል የሚወጣበት የወሎ ወረዳ ነው) ልጅ ፒያሳ ላይ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከገዛሁት ድንጋይ ነው። ከዚያ ሌላ ገዛሁ፣ ከዚያ ማሽን ተዋስኩ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ በድምፁ ተማርራ ኮሚቴ ዘንድ ከሳኛለች። ባሕር ዳር የሚኖረው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በዚሁ መንገድ አልፏል። ፊዚክስ ያስተምር ነበር። አሁን ድንጋይ ይቆርጣል፣ ጌጥ ይሠራል፣ ቤተሰብ ያስተዳድርበታል። "ባንኩን ከመልቀቅሽ በፊት እኔ ጋ መጥተሽ ዋይ" ስላለኝ የዓመት ፈቃድ ወሰድኩ።

ከአየር ማረፊያው ቀበሌ 14 በኮንትራት ባጃጅ 250 ብር ከፈልኩ። ልጁ 400 ብሎ ነበር የጀመረው። ሙቀቱ ገና በሩ ላይ ይቀበላል፤ የአዲስ አበባን የኅዳር ብርድ ለብሼ የመጣሁትን ሹራብ ባጃጁ ውስጥ አወለቅኩ። ዘንባባዎቹ እንዳሉ ናቸው።

ያረፍኩት የጓደኛዬ አክስት ቤት ነው። ሆቴል እይዛለሁ ብል እትዬ ተቆጡ። ዓሣ ዱለት ሠርተው ጠበቁኝ። የጣና ዓሣ አዲስ አበባ ደርሶ ከሚበላው ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው። ቡናው ላይ ጥያቄው መጣ።

"ባንክ ትተሽ ድንጋይ ልትጠርቢ ነው አሉ፣ እውነት ነው?"

"ገና አልወሰንኩም እትዬ።"

"እሱም እንዲህ ነበር ያለን" አሉና ሁለተኛውን ቀዱልኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11፦ መቁረጫ ቤቱ

ሱቁ ከዋናው አስፋልት ገባ ያለ ነው። በአንድ በኩል ሞባይል ጥገና፣ ፊት ለፊት ሽሮ ቤት። የፊተኛዋ ጠባብ ክፍል መሸጫ፣ የኋላዋ መሥሪያ ናት። የመጀመሪያ ማሽኑን እዚሁ ከተማ ብረታ ብረት ቤት ነው ያሠራው። ሞተሩ ከተበላሸ የልብስ ማጠቢያ የወጣ ነው፤ እስካሁን ይሠራል። የአልማዝ ብናኝ የተለበጠባቸው ዲስኮች ብቻ ከውጭ በሰው እጅ የመጡ ናቸው።

ድንጋዮቼን ጥቁር ጨርቅ ላይ ዘረገፍኩለት። እንዲያደንቅልኝ ነበር የጠበቅኩት። አንዱን አነሳና "ይሄን ለማን ነው የቆረጥሽው?" አለኝ።

"ለማንም። ስላማረኝ ነው።"

"ይሄንንስ?"

ያው ነበር መልሴ። ካመጣኋቸው ውስጥ ለመሸጥ ይሆናሉ ብሎ የለየው ሦስት ነው። ሌሎቹ ያምራሉ፣ ግን ሆዳቸው ከሥር ተነፍቷል፤ ድንጋዩ የሚታሰርበት የብር ማቀፊያ ውስጥ አይቀመጡም። ለራሱ የሚቆርጥ ሰው ድንጋዩ እንዳያንስበት ይሳሳል። ገዢ ደግሞ የሚያየው ከላይ ያለውን ፊት ነው። ከሥር የተተወውን ክብደት ማንም አይለብሰውም።

ከዚያ አንድ 10 ግራም ያልተቆረጠ ጥሬ ኦፓል ሰጠኝ። ቅርፊቱ ቡናማና ሻካራ አለት ነው። በአንድ ጥጉ ጥፍር የምታህል መስኮት አለችው፤ በእሷ በኩል አረንጓዴና ብርቱካን ይንቦገቦጋል። "ምላስሽን አስነኪው" አለኝ። ነካሁት፣ ያዘኝ። የደላንታ ኦፓል ውኃ ጠጪ ነው። ደረቅ ከሆነ የምላስን እርጥበት ስቦ ይጣበቃል። አንዳንድ የውጭ አገር መስታወት ኦፓል ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ እሱ ምላስ ላይ ይንሸራተታል።

የቀድሞው የፊዚክስ መምህር እዚህ ላይ ተነሳበት። ኦፓል ሲሊካና ውኃ ነው። ሲሊካው ደቃቅ ሉል ሆኖ ይደረደራል፤ የአንዱ ሉል ስፋት ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር ገደማ ነው። ድርድሩ ወጥ ሲሆን ብርሃን ይበታትናል። ትንንሾቹ ሉሎች ሰማያዊ ይሰጣሉ፣ ቀይ የሚወጣው ከትልልቆቹ ነው። ቀይ ያለበት ድንጋይ የሚወደደውም ብርቅ ስለሆነ ነው። "ተማሪዎቼ ይሄን ሲያዩ ነበር ፊዚክስ የሚገባቸው" አለ። መምህርነቱ የናፈቀው መሰለኝ። አልጠየቅኩትም።

መቁረጥ ጀመርን። ሥራው ሁሉ በውኃ ነው። ደረቁን ከተሞረደ ይግላል፣ ከጋለ ይሰነጠቃል። የሲሊካ ብናኝ ደግሞ ሳንባ ይበላል፤ በውኃም ቢሆን ጭንብል አይወልቅም። ችግሩ ድንጋዩ እየተሞረደ ውኃውን መጠጣቱ ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቀለሙ ጠፍቶ ውኃ መሰለ። ቀለሙ የት እንደነበር ያወቅኩት ቀድሞ በእርሳስ ምልክት ስላስደረገኝ ነው። ከቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ በሱፐር ግሉ አጣበቅነው። ብዙዎች በቀለጠ ሰም ነው የሚያጣብቁት፤ እሱ ኦፓል እሳት አይወድም ይላል። ከሻካራው 220 ቁጥር ዲስክ ተነስተን ወደ ለስላሳዎቹ 600፣ 1200፣ 3000 እያልን ወጣን። መጨረሻ ላይ ቆዳ ላይ በተቀባ 50,000 ቁጥር የአልማዝ ቅባት ወለወልነው። በየደረጃው እጅና ድንጋይ መታጠብ አለበት። ከታችኛው ቁጥር አንዲት ቅንጣት ከቀረች የላይኛውን ሥራ ሁሉ ትጭረዋለች።

10 ግራሙ 2.4 ግራም ሆኖ ወጣ። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነውና 12 ካራት ማለት ነው፤ ሲደርቅ ከዚህም ይወርዳል። እኔ ሳዝን እሱ ደስ ብሎታል። የእኔ ሐዘን ለሄደው፣ የእሱ ደስታ ለቀረው። ድንጋዩን ከፀሐይ ርቆ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ በወረቀት ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አኖረው።

ቀኑ ረቡዕ ነውና ምሳ ሽሮ ነበር። 120 ብር። አዲስ አበባ ሠፈሬ በዚህ ዋጋ የሚገኘው ግማሹ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፦ ሚካኤል

አንጥረኛው ጋ ልንሄድ ቀጠሮ ይዘን ነበር። በሩ ዝግ ነው። ኅዳር ሚካኤል ነዋ! ጎጃም ውስጥ በሚካኤል መዶሻ የሚያነሳ አንጥረኛ መፈለጌ የእኔ ነገር ነው። ጠዋት በየደጁ ቆሻሻ ሲጨስ ሳይ ነው ቀኑ ትዝ ያለኝ። በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ወዲህ ነው ኅዳር የሚታጠነው። እትዬ ጭሱ ዓይናቸውን እያስነባቸው አጥብቀው አጨሱ።

ስለዚህ ወደ ጣና። ጊዮርጊስ አጠገብ ካለው ወደብ ጀልባ ይዘን ደብረ ማርያም ሄድን፤ ለሁለታችን ደርሶ መልስ 800 ብር ተስማማን። ክብራን ገብርኤልን ከሩቅ አይቼ አለፍኩ፤ ሴት አይገባበትም። ከደብረ ማርያም አጠገብ ዓባይ ከሐይቁ ይወጣል። ምንም የሚያስታውቅ ነገር የለውም፤ ውኃው ዝም ብሎ አንድ አቅጣጫ መያዝ ይጀምራል። በመንገዳችን ላይ ሁለት ልጆች ደንገል የጫነ ታንኳ ይቀዝፋሉ። ታንኳውም ደንገል፣ ጭነቱም ደንገል።

ጓደኛዬ ስለ ደንበኞቹ ያወራኝ ጀልባው ላይ ነው። ሥራውን ሲጀምር ያሰበው ቱሪስት ነበር። ቱሪስቱ ቀረ። አሁን የሚያኖሩት ሙሽሮችና ከውጭ ለሠርግ የሚመጡ ዘመዶቻቸው ናቸው። ይሄ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንዷ ሙሽራ የቀለበቷ ኦፓል በሠርጓ ማግስት ጠፍቶባት እያለቀሰች መጣች። ጠፋ ስትል ድንጋዩ አለ፤ የሌለው ቀለሙ ነው። ዕቃ ስታጥብ ውኃ ጠጥቶ መስታወት ሆኗል። "ሦስት አራት ቀን አውልቀሽ አስቀምጪው፣ ይመለሳል" አላት። አላመነችውም። ተመለሰላት።

የሁለተኛዋ ግን አልተመለሰም። እኛ የምንበላው በቀኝ እጅ ነው። ቀለበቱም ቀኝ እጇ ላይ ነበር። ውኃ ይደርቃል፤ የወጥ ቅቤና ዘይት ግን ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ነጩ ኦፓል በሦስት ወር ውስጥ እንደ ቂቤ ማስቀመጫ ጨርቅ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለአገር ሰው የኦፓል ቀለበት አይሠራም። ጉትቻ፣ የአንገት፣ ግፋ ቢል የደረት ጌጥ። ቀለበት ካለች ሌላ ድንጋይ ያሳያታል። ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የድንጋይ ጥንካሬ መለኪያ ላይ ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ የሻኪሶ ኤመራልድ ከ7.5 እስከ 8፣ ሳፋየር 9። ተራ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ እንኳ 7 ነው፤ ኦፓልን አቧራ ብቻውን ይጭረዋል።

ከማሽኑ ይልቅ ይሄን ለመስማት ነው ለካ የመጣሁት። ድንጋይን በተመለከተ ያነበብኩት ሁሉ በሹካ ለሚበላ ሰው የተጻፈ ነው።

ምሳ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቀረሶ፣ 450 ብር። ለሁለት በቂ ነው። አስተናጋጁ ሎሚ ረስቶ ሦስቴ አስጠራን።

ዓርብ፣ ኅዳር 13፦ ጋሼ

አንጥረኛውን ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። መሥሪያቸው ከቤታቸው ጓሮ ያለች ዳስ ናት። መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ የእግር ወናፍ። እጄን ሳይጨብጡኝ በፊት እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

አባታቸው የሚያቀልጡት ጠገራ ብር እንደነበር ነገሩኝ። አንዱን አሁንም በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። 1780 የሚል ቁጥር አለበት፤ የማርያ ቴሬዛ ብር የትም ይመታ የት ያው 1780 ነው የሚጻፍበት። ክብደቱ 28 ግራም ግድም ነው። ከሺው 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ዛሬ ለጌጥ የሚፈለገው 925 ነው። "የአባቴ መስቀል ግን እስካሁን አልጠቆረም" አሉ ጋሼ። አልተከራከርኩም።

በእኛ አገር ጌጥ ማለት ብረቱ ነው። መስቀሉን፣ ድሪውን፣ አልቦውን ተመልከቱ፤ ጥበቡ ሁሉ በብርና በወርቁ ላይ ነው። የተቆረጠ ድንጋይ እንግዳ ነው። የደላንታ ኦፓል ራሱ ገበያ ላይ የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የታወቀው በ1980ዎቹ የተገኘው የመዘዞው ቡናማ ኦፓል ነበር። ስለዚህ ጋሼ ኦፓል ማሰር የተማሩት በስተርጅና ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ብር ሥራውን ከእሳቸው ተማረ። የረቡዕ ድንጋይ ውስጡ ያለ መስሎኝ በማቀፊያው ዙሪያ እሳት ሲነድ ደነገጥኩ። ለካ ባዶ ነው። ብየዳው በ700 ዲግሪ ግድም ስለሆነ ማቀፊያው ተበይዶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተሞርዶ፣ ተወልውሎ ካለቀ በኋላ ነው ድንጋዩ የሚገባው። ከዚያ ጋሼ የማቀፊያውን ጠርዝ በብረት ዘንግ ዙሪያውን በትንሽ በትንሹ ይገፉታል። ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ። ዙሪያውን በተራ ከገፉት ድንጋዩ ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ ይሰበራል።

"ይሄ ድንጋይሽ ፈሪ ነው" አሉኝ።

"ይሻለዋል ጋሼ?"

"አይሻለውም። እኛ ነን የምንለምደው።"

ተራው የእኔ ሆነ። ጓደኛዬ አንድ ማቀፊያ እንድለማመድበት ሰጠኝ። ጠርዙን ግማሽ እንደገፋሁ መብራት ሄደ። የጋሼ ዳስ መብራት አይፈልግም፤ የእኛ ማሽን ግን ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ተመልሰን የቀረውን ድንጋይ ልንወለውል ነበር። መብራቱ እስከ ማታ አልመጣም። ጓደኛዬ ለትዕዛዝ የማስረከቢያ ቀን የሚቆርጠው ሁልጊዜ አንድ ሳምንት ጨምሮ ነው፤ የመብራት ሳምንት ይለዋል። ባንክ ሆኜ የብድር ማመልከቻ ስገመግም እንዲህ ያለ መስመር አይቼ አላውቅም፤ ሊኖር ይገባል።

ለጋሼ የእጅ 600 ብር ለአንድ ማቀፊያ። ብሩ ለብቻው ይመዘናል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14፦ ገበያ

ቅዳሜ ገበያ ገብቼ ግማሽ ኪሎ የዘጌ ቡና፣ አንድ አገልግልና የማይረባ የፕላስቲክ ጫማ ገዛሁ። ጫማው እስከ ማክሰኞ አልቆየም። አገልግሉን ከአዲስ አበባ ዋጋ ግማሽ አግኝቼዋለሁ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ከሰዓት የደላንታ ነጋዴ ሱቁ መጣ። ሲመቸው በጋሸና በደብረ ታቦር አድርጎ በወረታ በኩል ይወጣል፤ ሳይመቸው ይቀራል። የመጣው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ሻይ ቀረበለት። ስለ ድንጋይ ሳይነሳ ስለ ገብስ፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ተወራ። ቆፋሪዎቹ ከገደሉ ወገብ ላይ ገብተው በእጃቸው ነው የሚቆፍሩት፤ ኦፓሉ ያለበት ንጣፍ ቀጭን ነው፣ ከላዩ ያለው ገደል ከባድ። እዚያ የሞተ አንድ ሰው ስም ጠራ። ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ ላስቲኩን ፈታ።

ጓደኛዬ ድንጋዩን እንደዘረገፈ አልመዘነም። ጨርቅ ላይ አሰራጭቶ ሌላ ሻይ አዘዘ። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ የመጣ ኦፓል ውኃውን ተሸክሞ ነው የሚመዘነው፤ ለውኃ ገንዘብ መክፈል ነው። ነጋዴው ገባውና "እኔን ደግሞ ትጠረጥረኛለህ?" ብሎ ሳቀ። "አንተን አይደለም፣ ድንጋዩን ነው" አለው። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ከዚያ በእጅ ባትሪ እያንዳንዱን ከሥር አበሩበት፤ ስንጥቅ ያለበት ብርሃኑን እንደ ፀጉር በቀጭኑ ይቆርጠዋል። ከ300 ግራሙ የወሰደው ሲሶውን ነው። ደረሰኝም ተቀበለ። ይሄ ሥራ ያለ ፈቃድ አይሠራም፤ የሚገዛውም፣ የሚቆርጠውም፣ የሚሸጠውም ፈቃድ ያስፈልገዋል። እሱ ለወረቀቱ ከማሽኑ በላይ ተመላልሷል።

ማታ ቅበላ ነበር። እሑድ የነቢያት ጾም ይገባል። እትዬ ዶሮ ሠርተዋል። የረቡዕ ድንጋዬ ደርቆ ቀለሙ ተመልሷል፤ ጓደኛዬ በጋሼ ማቀፊያ አስሮ፣ በክር አንጠልጥሎ አመጣው። እትዬ አንገታቸው ላይ አድርገው መስታወት ፊት ቆሙ።

"ስንት ትሸጪዋለሽ?" አለኝ ጓደኛዬ፣ አክስቱ እየሰሙ።

ጥሬው፣ የጋሼ እጅ፣ ብሩ፣ የእኔ አንድ ቀን ተኩል፣ የዲስክ ማለቂያ። ዋጋውን ስነግረው አነሰ አለኝ። ኪራይና የመብራት ሳምንት አልጨመርኩም ነበር። ደግሜ ደመርኩ። እትዬ አዲሱን ዋጋ ሲሰሙ ከአንገታቸው አወለቁትና እጄ ላይ አስቀመጡት። "እንግዲያ እኔ አልለብሰውም፤ ሽጪው" አሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 15፦ መመለሻ

በረራው ሁለት ሰዓት ዘገየ። ጊዜውን ለሁለት ዓመት የሚበቃ ሂሳብ ሠራሁበት። ባንኩን አልለቅም፤ አሁን አይደለም። ጓደኛዬ ራሱ ማስተማሩን ሳይተው ሦስት ዓመት በማታና በቅዳሜ ሠርቷል። እኔም እንደዚያ ነው የማስበው። የሠፈሬን ኮሚቴ ለማስታረቅ ከምድር ቤት ጠባብ ክፍል ተከራይቻለሁ። ማሽኑን ባሕር ዳር ያለው ብረታ ብረት ቤት እየሠራልኝ ነው፤ ግማሹን ከፍያለሁ። ሞተሩ ከልብስ ማጠቢያ ነው። የወሩ መጨረሻ ይደርሳል ብለውኛል፤ እኔ አንድ ሳምንት ጨምሬ ይዤዋለሁ።